«በመጠኑ የተለወጠ» የሚባለው አሮጌ አውቶሞቢል የትኛው ነው?

በንግድ ሥራ ዋጋን የሚያቆመው ዕቃው ብቻ ሳይሆን የዕቃው ስም ጭምር መሆኑን ቡና ላኪውም ጨርቅ አስመጪውም ያውቀዋል። የታጠበውን ቡና ካልታጠበው ጋራ ቀላቅሎ በአንድ ስም የሚልክ ነጋዴ ቢኖር፣ ገዢው በመጀመሪያው ጭነት ቢታለል በሁለተኛው አይመለስም። ስለዚህም ለቡና ደረጃ ወጣለት፤ ለቆዳና ለቅባት እህልም እንደዚሁ። ነገር ግን ፈላጊው እየበዛ የሄደው የአሮጌ አውቶሞቢል ንግድ እስከ ዛሬ ድረስ የሚካሄደው በሦስት ልማዳዊ ቃላት ነው። «ኦሪጅናል» ይባላል፤ «የታደሰ» ይባላል፤ ከሁሉም ይልቅ ሻጭ የሚወደው ግን «በመጠኑ የተለወጠ» የሚለውን ነው። ይህ የመጨረሻው ቃል ሻጭን ከውሸታምነት ስም ያድነዋል፤ ገዢን ግን ከጉዳት አያድነውም። መጠኑ ስንት እንደሆነ ቈርጦ የተናገረ የለምና።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች መዝናኛ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቀ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ አውቶሞቢል የሚተካ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ በቍጥር የተወሰነ ዕቃ ሆኗል። በአዲስ አበባ ሰው ሁሉ «ቮልስ» እያለ የሚጠራውን ቮልስዋገን ብንወስድ፣ የመጨረሻው በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በጁላይ 30 ቀን 2003 ሲሆን፣ ጠቅላላው የምርት ቍጥር 21,529,464 ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም አልተጨመረም። የሚቀንስ እንጂ የማይጨምር ዕቃ የሚሸጥና የሚገዛ ሰው፣ የሚናገረውን ቃል እንደሚመዝነው ወርቅ ሊጠነቀቅበት ይገባዋል።

ቃሉ ራሱ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በካሊፎርኒያ የነበሩ ወጣቶች ከፋብሪካ የወጣውን ፎርድ፣ ሼቭሮሌትና ሜርኩሪ እየገዙ እንደ ምርጫቸው ያስጌጡ ጀመር። እነርሱ ሥራውን በሁለት ከፍለውት ነበር፤ አንዱ የለዘበ ለውጥ፣ ሌላው ሥር ነቀል ለውጥ። የለዘበው ለውጥ ማለት የኮፈኑን ጌጥና የኋላውን የፋብሪካ ምልክት ነቅሎ ቀዳዳውን መድፈን፣ አውቶሞቢሉን ጥቂት ዝቅ ማድረግ፣ የኋላ ጎማውን በክዳን መሸፈን፣ የቸርኬውን ክዳን መለወጥ፣ ከዚያም ጥሩ ቀለም መቀባት ነበር። ሥር ነቀሉ ግን ጣሪያውን ከምሰሶዎቹ ላይ ቈርጦ ማሳጠር፣ የበሩን መካከለኛ ምሰሶ ማውጣት፣ ከሌላ መኪና የተወሰደ ላሜራ መበየድ ነው። ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. የ1951 ሥሪት የሆነው የቦብ ሂሮሃታ ሜርኩሪ ሲሆን፣ የሠሩትም የባሪስ ወንድማማቾች ናቸው። ያ አውቶሞቢል እ.ኤ.አ. በ2022 በሐራጅ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቷል። እንግዲህ ብዙ መለወጥ ዋጋን ሁልጊዜ ይጥላል ማለት አይቻልም። ሜርኩሪውን የገዛው ሰው የተቈረጠ ጣሪያ መግዛቱን ያውቅ ነበር፤ ዋጋውንም የሰጠው ለዚያው ነው። ሳያውቅ የተቈረጠ ጣሪያ የገዛ ሰው ግን የከፈለው ለሌለ ነገር ነው።

«ክላሲክ» የሚለውም ቃል ቢሆን በየአገሩ ልኩ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው የአሜሪካ የክላሲክ አውቶሞቢሎች ክበብ ስሙን የሚሰጠው ከ1915 እስከ 1948 ለተሠሩት ለታላላቆቹና ለተመረጡት ብቻ ነው፤ በዚያ ሚዛን ቮልስም ሆነ ፊያት 600 ከደጃፉ አይደርሱም። ዓለም አቀፉ የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ደግሞ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ለታሪኩ ተስማሚ በሆነ ሁኔታ የተጠበቀና የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ያልሆነ ይላል። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ለአዲስ አበባ አይመችም፤ እዚህ ጧት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ቀን ዕቃ ጭኖ፣ እሑድ ቤተ ሰቡን ወደ ደብረ ዘይት የሚወስደው ያው አንዱ ቮልስ ነውና። የሆነ ሆኖ ሠላሳ ዓመት የሚለው ልክ ለንግድ ይበቃል፤ ቀላልና የማያከራክር ነው።

የሚያከራክረው ሁለተኛው ክፍል ነው። በዚህም ረገድ የአውሮፓ መንግሥታት ደንብ ጥቂት ትምህርት ይሰጣል። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለጥንት አውቶሞቢል ልዩ ሰሌዳ ይሰጣሉ፤ ለዚህም ሠላሳ ዓመት መሙላቱን ብቻ ሳይሆን ለውጥ ቢኖርበት ለውጡ የዘመኑ መሆኑን መርማሪ ያረጋግጣል። መኪናው በወጣት ዘመኑ ባለቤቱ ሊያደርገው ይችል የነበረ ነገር ይታለፋል፤ ትናንት የተሠራ አዲስ ፈሊጥ ግን አያልፍም። እንግሊዞች በበኩላቸው እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ አርባ ዓመት የሞላውን አውቶሞቢል ከዓመታዊ ምርመራ ነፃ ሲያደርጉ፣ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ዋና ለውጥ ያልተደረገበት እንዲሆን ጠይቀዋል። ዋና ለውጥ የሚሉትም በሻንሲው፣ በአካሉ፣ በአክሱሉና በሞተሩ ላይ የሚደረገውን ነው፤ ሆኖም ከአንድ ዘር የሆነ ሞተር በመጠን ቢበልጥም ቢያንስም እንደ ዋና ለውጥ አይቈጥሩትም። ለብዙ ዓመታት ሲሠሩበት በኖሩት በሌላው የምዝገባ ደንባቸው ደግሞ ነጥብ ይሰጡ ነበር፤ ለሻንሲው አምስት፣ ለመሪው፣ ለካምቢዮው፣ ለአክሱሉና ለስፕሪንጉ ሁለት ሁለት፣ ለሞተሩ ግን አንድ ብቻ። በአገራችን ገዢ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው፤ እንግሊዙ መዝጋቢ ግን ሞተሩን ከሁሉ በታች አስቀምጦት ነበር። ሻንሲ የመኪናው ትውልድ፣ ሞተር ግን እንደ ልብስ መሆኑን አስተውሎ ያደረገው ይመስላል።

አሁን ወደ መርካቶና ወደ ጋራዦቻችን እንመለስ። ቮልስ ለዚህ ክርክር የተፈጠረ መኪና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አካሉ ከሻንሲው ጋር የተያያዘው በብሎን ነው፤ አራቱም የጎማ መከለያዎች በብሎን የታሠሩ ናቸው፤ ሞተሩም ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ስለሆነ ሁለት ሰዎች ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያወርዱታል። ከዚህም የተነሣ የ1950ዎቹ ሥሪት የሆነ አካል የ1970ዎቹን ሞተር፣ ከብራዚል የመጣ መከለያና ከሌላ የተወሰደ ወንበር ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው። በካሊፎርኒያም ቢሆን ቮልስን መለወጥ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኖ ነበር፤ በሪቨርሳይድ ከተማ የተቋቋመው «ኤምፒ» የተባለው ድርጅት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለዚሁ መኪና የሚሆኑ ክፍሎችን እየሠራ ይሸጥ ነበር፤ ፊቱን ዝቅ አድርጎ፣ ፓራውልቱንና ጌጡን አውልቆ፣ ሞተሩን ማጐልበት በዚያ አገር የታወቀ ፈሊጥ ሆነ። ያ ፈሊጥ ዛሬ በአዲስ አበባ መንገድ ላይም ይታያል።

የአዲስ አበባ ባለ ቮልስ ግን ሞተሩን የሚለውጠው ለፈሊጥ ብቻ አይደለም። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተሠራች ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህም ማንኛውም ያለ መጭመቂያ የሚሠራ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋውን ያጣል። በጀርመን አገር 30 የፈረስ ጉልበት የነበረው ባለ 1200 ሞተር እንጦጦ ዳገት ላይ ሲደርስ ከ22 ወይም 23 እምብዛም አይበልጥም ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ባለ 1600 ሞተር ያስገባ ሰው የጠፋውን ጉልበት መለሰ እንጂ አልተቀናጣም። ከፋብሪካው ዘር የሆነ ሞተር እስከሆነ ድረስ ይህን «በመጠኑ የተለወጠ» በሚለው ስም ማሳለፍ ተገቢ ነው።

ግን እዚህም ላይ የሚሰወር ነገር አለ። ቮልስ እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ድረስ በአብዛኛው ባለ ስድስት ቮልት ነበር፤ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ዐሥራ ሁለት ቮልት ሆነ። የኋለኛው ሞተር የሚሽከረከረው ትልቁ ጥርስ ያለው ጎማ ከቀድሞው ሰፊ ነው፤ የፊተኛው 109 ጥርስ፣ የኋለኛው 130 ጥርስ አለው። ስለዚህ የኋለኛውን ሞተር ከነጎማው በቀድሞው ካምቢዮ ላይ ለመግጠም የካምቢዮውን ደወል መሳይ አፍ ከውስጥ በኩል በሞላ መፋቅ ያስፈልጋል። ከውጭ ሲታይ ሞተር ብቻ የተለወጠ ይመስላል። ከውስጥ ግን ካምቢዮው ተሞርዷል፤ የተሞረደ ብረትም አይመለስም። ጥሩ መካኒክ ትንሹን ጎማ በትልቁ ሞተር ላይ አድርጎ ካምቢዮውን ሳይነካ ሊሠራው ይችላል። ሁለቱ ሥራዎች በዋጋ ዝርዝር ላይ አንድ ስም ቢይዙም አንድ አይደሉም።

መኪናን ዝቅ ማድረግም እንዲሁ ነው። የቮልስ የፊት እግር በሁለት የብረት ቱቦዎች ውስጥ በሚጠመዘዝ ስፕሪንግ ላይ የተሠራ ነው። አንዱ ጋራዥ ቱቦውን ከመካከሉ ቈርጦ፣ አዙሮ፣ መልሶ ይበይደዋል፤ ሌላው ደግሞ ጎማውን የሚሸከመውን ክፍል ብቻ ለዚሁ በተሠራ ሌላ ክፍል ለውጦ አሮጌውን ለባለቤቱ በከረጢት ይሰጠዋል። ሁለቱ መኪናዎች ጐን ለጐን ቢቆሙ ቁመታቸው እኩል ነው፤ ፎቶግራፍም አይለያቸውም። የመጀመሪያው ግን በብየዳ ላይ ይሄዳል፤ ብየዳው ደካማ ቢሆን ምን እንደሚያስከትል ለአስተዋይ መንገር አያሻም። ሁለተኛው በአንድ ቀን ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመለሳል። የመኪናው መልክ ስለ መጠኑ አይመሰክርም የሚባለው ስለዚህ ነው፤ የሚመሰክረው መፍቻው ወይም መጋዙ ነው።

ስለዚህም «በመጠኑ» ለሚለው ቃል ከሁሉ የሚሻለው መለኪያ ለውጡ ያለ መቍረጥና ያለ ብየዳ ሊመለስ መቻሉ ነው ቢባል ትክክል ይሆናል። ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ወንበር፣ መሪ፣ ፓራውልት፣ የፊት ዲስክ ፍሬን፣ ሬዲዮ፣ የጣሪያ ዕቃ መጫኛ፣ ሌላው ቀርቶ የዐሥራ ሁለት ቮልት ዲናሞ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሰፊ ጎማ ለማስገባት የተቈረጠ የመከለያ ውስጠኛ ላሜራ፣ ጣሪያው ተቈርጦ የተነሣለትና ክፍት መኪና የመሰለ ቮልስ ግን ከዚህ ይወጣሉ። የኋለኛው በተለይ የሚያሳስት ነው፤ ምክንያቱም ካርማን የተባለው ፋብሪካ ከ1949 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ድረስ ከወለሉ ጀምሮ የተጠናከረ ክፍት ቮልስ ይሠራ ስለነበረ፣ በመጋዝ የተሠራውን በካርማን ስም የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ሌላ ዕቃ ነው።

በዚህ መለኪያ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው የቀለም ነገር ነው። ቀለም አይፈታም፤ አሮጌውን የፋብሪካ ቀለም አንድ ጊዜ በመሮ ከፋቁት ለዘለዓለም ሄዷል። ይሁን እንጂ የዓለም ልማድ ቀለምን ከለዘበ ለውጥ ይቈጥረዋል፤ እዚህም በስድሳ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ያልተቀባ ቮልስ ብርቅ ነው። ለዚህ የሚበቃው መፍትሔ በሻንሲው ቍጥር መሠረት የፋብሪካውን ቀለም ማወቅና ለገዢ መንገር ነው። የመጀመሪያ ቀለሙን ይዞ የተገኘ ካለ ግን፣ ጭረት ቢበዛበትም፣ ባለቤቱ ወደ ቀለም ቀቢ ከመውሰዱ በፊት ደግሞ ደጋግሞ ቢያስብ ራሱን ይጠቅማል። ስቱኮና አዲስ ቀለም የሚጨምሩት ዋጋ፣ የጠፋው የፋብሪካ ቀለም ከሚያወጣው ዋጋ ያነሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዘመኑ ነገር ነው። እስከ 1953 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ የቮልስ የኋላ መስተዋት በመካከሉ በተላለፈ ላሜራ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ከዚያም እስከ 1957 ድረስ እንቁላል መሰለ፤ በመጨረሻም ሰፋ። ያን ጊዜ በአውሮፓ አንዳንድ ባለቤቶች መኪናቸው አዲስ እንዲመስል ብለው የኋላውን ላሜራ አስቈርጠው ሰፊውን መስተዋት አስገቡ። በጀርመኑ አስተሳሰብ ይህ የዘመኑ ለውጥ ስለሆነ ሊታለፍ ይችላል፤ በመጋዙ መለኪያ ግን አይታለፍም። እዚህ ላይ መጋዙ ቢፈርድ ይሻላል። ለውጡ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ሊነገርለት ይገባል፤ ነገር ግን ዛሬ ከሁሉ ተፈላጊ የሆነው ያ የተከፈለ መስተዋት ከጠፋ በኋላ «በመጠኑ» ማለት ለገዢ ጆሮ የሚከብድ ነው።

ከዚህ ሌላ በአገራችን ብቻ የሚታይ አንድ ወገን አለ፤ በችግር የተለወጠው ነው። በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ በጠበበ ጊዜ የመለዋወጫ ዕቃ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ያን ጊዜ መካኒኮቻችን ከሌላ መኪና ካርቡራተር አውጥተው ገጠሙ፤ የበር እጀታ ከናስ አስቀረጹ፤ የወንበር ቆዳ በድንኳን ሸራ ለወጡ። ይህ ጌጥ ሳይሆን ጥገና ነበር፤ እነዚያም መኪናዎች ዛሬ በመንገድ ላይ ያሉት በዚያ ብልኃት ነው። የውጭ አገር ገዢ ሲያየው እንደ ጉድለት ይቈጥረዋል። በእጅ የተቀረጸውን የናስ እጀታ አውልቆ የሚጥል አዳሽ ግን የመኪናውን የኢትዮጵያ ዕድሜ አብሮ ይጥላል፤ ቢያንስ በሣጥን ሊያኖረው ይገባል። ይህን ዐይነቱን ለውጥ በለዘበው ወገን መመደብ ይገባል፤ አጠገቡ ግን «የጥገና» የሚል ቃል ቢጻፍበት እውነቱ ይገለጣል።

ለነጋዴው ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የወረቀቱ ነገር ነው። በሊብሬው ላይ የሻንሲውና የሞተሩ ቍጥር ተጽፏል። ሞተሩ ተለውጦ ሊብሬው ካልተስተካከለ፣ መኪናው የቱንም ያህል በመጠኑ ቢለወጥ፣ ገዢው ስሙን ሊያዛውር በሄደ ቀን ችግሩ ይገለጣል፤ ሻጩም ያን ጊዜ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል። የቮልስ የሻንሲ ቍጥር ከኋላ ወንበር ሥር በመካከለኛው ዋሻ ላይ ይገኛል፤ የሞተሩ ቍጥር ደግሞ ዲናሞው ከተቀመጠበት መቆሚያ በታች ነው። ወንበር አንሥቶ ለማየት ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። እንዲህም ሆኖ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የሚያደርገው ገዢ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የሚያየው የቀለሙን ማብረቅረቅ ነው።

የመለዋወጫ አስመጪዎችም ከዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። እስካሁን በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚታየው በአብዛኛው ጌጥና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ሰፊ ቸርኬ፣ ትልቅ ድምፅ ያለው ማርሚታ፣ የቆዳ መሪ። የፋብሪካውን የሚመስል የመስኮት ጎማ፣ ትክክለኛ የፊት መብራት መስተዋት፣ የስድስት ቮልት አምፑል ግን ተፈልጎ አይገኝም። የተለወጡት መኪናዎች እየበዙ ሲሄዱ ወደ ቀድሞ ይዞታቸው ሊመለሱ የሚፈልጉትም አብረው ይበዛሉና፣ ይህን አስቀድሞ ያስተዋለ አስመጪ ገበያ አያጣም። ወለሉ ከሥር በዝገት ለተበላ ቮልስ የወለል ላሜራ የሚያስመጣም እንደዚሁ። የበሰበሰን ወለል በመሰሉ ላሜራ መተካት ብየዳ ቢኖርበትም እድሳት ይባላል እንጂ ለውጥ አይባልም፤ መጋዙ የገባው የነበረውን ለመመለስ ነውና።

አንዳንድ ሻጮች ሁሉ ነገር ተዘርዝሮ ከተጻፈ ገዢ ይሸሻል ይላሉ። በእርግጥ አንዳንዱ ይሸሻል፤ የሚሸሸው ግን ኋላ ወደ ፍርድ ቤት ሊመለስ የነበረው ነው። በሌላ በኩል የወለቁት ክፍሎች በሣጥን ታሽገው፣ የመካኒኩ ደረሰኝ ተያይዞ፣ ዝግጁ ሆኖ የቀረበለት ገዢ ለዚያ ሣጥን ተጨማሪ ዋጋ ሲከፍል ይታያል። ፓራውልቱን አውልቆ ለቁራሌው የሰጠ ሰው ያንኑ ፓራውልት ከጥቂት ዓመት በኋላ በእጥፍ ዋጋ ሲፈልገው ይገኛል።

የንግድ ምክር ቤቱ አባሎች ከሆኑት መካከል በዚህ ንግድ ላይ ያሉት ተሰብስበው አንድ ገጽ የሽያጭ መግለጫ ቢያዘጋጁ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በዚያ ገጽ ላይ የመኪናው የሥሪት ዘመን፣ የሻንሲና የሞተር ቍጥሩ ከሊብሬው ጋር መስማማቱ፣ የተለወጠው ክፍል ሁሉ በስሙ፣ ለውጡ በብሎን ወይም በብየዳ መደረጉ፣ የወለቀውም ክፍል የት እንዳለ ይጻፍ። «በመጠኑ የተለወጠ» የሚለው ቃል በብየዳው ረድፍ ላይ አንድም ነገር ላልተጻፈበት መኪና ብቻ ይሰጥ። ሻጭና ገዢ ከሁለት ምስክሮች ጋር ይፈርሙበት፤ አንዱ ቅጂ ከሊብሬው ጋር ይቀመጥ፣ ሁለተኛው በሻጩ መዝገብ ይቅር።